የተከልነውን ማን ያጠጣል?

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ከበድ ባለበት አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከማኅበራችን አባላት ሠላሳ የምንሆን ተማሪዎች በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ችግኝ ልንተክል ሄድን። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠቅስም፤ በዚህ ጽሑፍ የምንወቅሰው ራሳችንን እንጂ ትምህርት ቤቱን አይደለምና። ወቅቱ ክረምት ስለነበረ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ተበትነዋል፤ በሩን የከፈቱልን ጥበቃው ብቻ ነበሩ። ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ሰቀልን፤ ዘፈን ዘፈንን፤ አርባ ችግኝ ተከልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዚያም በፌስታል የመጣውን ዳቦ በልተን፣ በሃይላንድ የታሸገውን ውሃ ጠጥተን፣ ተመራርቀን ወደየቤታችን ተበታተንን።

በ2018 ዓ.ም. ጥር ላይ ለማኅበሩ ጉባኤ የሥራ ሪፖርት ማቅረብ ስላስፈለገን ከመካከላችን አምስት ሆነን ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስን። ከአርባው ችግኝ ቆመው ያገኘናቸው ሰባት ብቻ ናቸው። የቀሩት ጉድጓዳቸው ሣር ለብሶ፣ አንዳንዱም የኳስ ሜዳ ሆኖ ጠበቀን። ከሰባቱም አራቱ የሚገኙት በአንድ ቦታ፣ ከምግብ ማብሰያው ጓሮ ነበር። ነገሩ ቢያስገርመን እዚያው ሽንኩርት የሚልጡትን መጋቢ እናት ጠየቅናቸው።

«እትዬ፣ እነዚህን ማን ነው የሚያጠጣቸው?»

«ጎመን ያጠብኩበትን ውሃ የት ልድፋው ልጆቼ? እዚያው አፈስለታለሁ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅም አለች፤ ጠጥታ የተረፋትን ሁልጊዜ እየመጣች ትጨምርለታለች» አሉን። ቀጥለውም፣ «እናንተ ግን ከተከላችሁ በኋላ የት ጠፋችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ቃል አጣን። ስንወጣም ጥበቃው ጋሼ ፈገግ ብለው፣ በሐምሌው ቀን ጥለናቸው የሄድናቸውን ሃይላንዶች ለቅመው ለቁራሌው እንደሸጧቸው ነገሩን። እንግዲህ በዚያ ቀን ለአካባቢው የሚጠቅም ሥራ የሠሩት ሰዎች ቢቆጠሩ፣ አንዲት መጋቢ እናት፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪና አንድ ጥበቃ ሆነው ይገኛሉ። መፈክር የሰቀልነው ሠላሳዎቹ ከቁጥሩ ውስጥ አንገባም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለዚያ ጥያቄ ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፤ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአካባቢ መቆርቆር ማለት በክረምት የሚደረግ በዓል ሳይሆን ልጆች በየቀኑ በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ መሆን አለበት። ሥራው ልማድ ካልሆነ በቀር ምንም አይተርፍም።

ስለ ልማድ አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት የሰፈሩ ነገር ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የድርጅቱ ስም ምኅጻር ነው። ሰፈሩ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መልኩን ለወጠ! በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ ዓለም አቀፍ እንግዶች የሚመላለሱበት ሆነ፤ ከጎኑም የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው የቀበሌ ቤቶች፣ ጠጅ ቤቶችና ሱቆች ተጠጋግተው ለብዙ ዓመታት አብረው ኖሩ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲደርስ ግን አብዛኛው ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወረ። ከወላጆች ጋር ልጆችም ሄዱ። በአንድ ክፍል አብረው ፊደል የቆጠሩ ልጆች በአንድ ወር ውስጥ በአራት አቅጣጫ ተበተኑ።

ስለ ማፍረሱና ስለ መገንባቱ የሚባለው ብዙ ነው፤ እርሱን ለሌላ ዕትም እናቆየው። ከያዝነው ነገር ጋር የሚያገናኘው ግን ይህ ነው። ልጅ ከሰፈሩ ሲነቀል የተከለውን ዛፍ ይዞ አይሄድም። የአጥሩን ሥዕል፣ የበሩን መፈክር፣ የአበባውን መደብ ይዞ አይሄድም። ይዞ የሚሄደው እጁ የለመደውን ብቻ ነው። ዛፉ በቦታው ይቀራል፤ ልማዱ ግን ከልጁ ጋር ገላን ጉራ ይገባል። እንግዲህ ሰው በሚነቀልበት ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት ለልጅ ሊያወርሰው የሚችለው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ ማወቅ ይቻላል።

እስቲ በመጀመሪያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀኑ ምን እንደሚጥል እንመልከት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር በሰፊው ጀምሮ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳቸውን በትምህርት ቤት ይበላሉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በባዶ ሆድ ሰልፍ ላይ ይወድቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ በልተው ይማራሉ። ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ለብዙ መቶ ልጆች ምግብ የሚያዘጋጅ ቤት ልጣጭ ይኖረዋል፤ ትራፊ እንጀራ ይኖረዋል፤ እጣቢ ውሃ ይኖረዋል፤ ጭስ ይኖረዋል። በዚህ ላይ ልጆቹ ከውጭ የሚያመጡት ፌስታልና ሃይላንድ፣ የብስኩትና የከረሜላ ወረቀት ይጨመራል።

ይህ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? ልጣጩና ትራፊው ከፌስታሉ ጋር ተቀላቅሎ ገንዳ ውስጥ ይጣላል፤ ከገንዳው የከተማው ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ተከመረበት ወደ ረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ወደሚለው ቦታ ይጓዛል። ቆሼ ምን እንዳደረገ የሚረሳ ሰው የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል። ይሁን እንጂ የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የምግብ ትራፊና ቅጠላ ቅጠል በመሆኑ ርጥብ ነው፤ ርጥብ ነገር ደግሞ ለእሳት አይመችም፤ ለአፈር እንጂ። አፈር ሊሆን የሚገባውን ነገር በመኪና ጭነን፣ ነዳጅ ከፍለን፣ ተራራ ላይ ተራራ እንጨምራለን ማለት ነው።

ከገንዳው ያመለጠው ፌስታል ደግሞ ጎርፍ ይዞት ወደ ወንዝ ይገባል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበናና ግንፍሌ፣ በፍል ውሃ በኩል የሚያልፈው ባንትይቀጡ፣ ሁሉም መጨረሻቸው አቃቂ ነው፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። በአቃቂ ወንዞች ዳር በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ስለዚህ የካዛንቺስ ልጅ በር ላይ የጣለው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ ራሱ ገበታ ይመጣል ብንል ነገር ማጋነን አይሆንብንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ ከልካዩም ተከልካዩም ሳያስታውሱት ዓመታት አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክልና ቅጣት የሚጥል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያም በ2017 ነው። አዋጅ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስለ ታተመ ብቻ በልጅ እጅ ላይ አይጻፍም። ዘንቢል ይዞ ወደ ሱቅ መሄድን የሚለምደው ልጅ ዘንቢል የያዘ መምህር ያየ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ አካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት አለ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በየትምህርት ቤቱ አለ። በሚኒ ሚዲያ ግጥም ይነበባል። ይህ ሁሉ እያለ ልጆቻችን ስለ አካባቢያቸው በእርግጥ የሚማሩት ከየት ነው? ሁላችንም የተማርንበትን ጊዜ እናስታውስ። ሰልፍ ያረፈደ ተማሪ ምን ይታዘዝ ነበር? ወረቀት ልቀም! በክፍል የረበሸስ? ሽንት ቤት አጽዳ! የቤት ሥራ ያልሠራስ? ሜዳውን ጥረግ! ከመካከላችን ይህን ያልታዘዘ ወይም ሌላው ሲታዘዝ ያላየ ማን ነው?

እንግዲህ ልብ በሉ። በመጽሐፉ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» እያልን፣ በተግባር ግን አካባቢን መጠበቅ የሰነፍና የጥፋተኛ ቅጣት መሆኑን እናስተምራለን። ጎበዙ ተማሪ ክፍል ተቀምጦ ያነባል፤ ጥፋተኛው መጥረጊያ ይይዛል። ይህን ለስምንት ዓመት ያየ ልጅ አድጎ ምኒስትር ወይም መሐንዲስ ቢሆን፣ ፌስታሉን በመኪና መስኮት ወርውሮ «የሚያነሣው ሰው አለ» ቢል ምን ያስደንቃል? ድሮ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸማኔውን በስም እየሰደብን በእጅ ሥራ ላይ ያሳደርነው ንቀት ዛሬ በቆሻሻ ሰብሳቢው ላይ አድሯል። በብርቱካናማ ልብስ ከሌሊቱ ጀምሮ አስፋልት የሚጠርጉትን እናቶች ስማቸውን የሚያውቅ ማን ነው?

በጃፓን ልጆች ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ክፍላቸውንና መተላለፊያውን ራሳቸው ያጸዳሉ፤ ምሳቸውንም በተራ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ይህ የሚደረገው የሚጠርግ ሠራተኛ መቅጠሪያ ገንዘብ ስለ ጠፋ አይደለም፤ የትምህርቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። ሁሉም ይሠራዋል፤ አንደኛ የወጣውም፣ የሀብታሙም ልጅ። ቅጣት ከመሆን ያዳነው ተራ መሆኑ ነው። ከእኛም ዘንድ ለውጡን ለመጀመር የሚያስፈልገው በጀት የለም፤ መጥረጊያ ከቅጣት ዝርዝር ይውጣና በተራ ዝርዝር ይግባ። ይህን አንድ ነገር አንድ ርእሰ መምህር ነገ ጧት በሰልፍ ላይ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሙያ ነገር ነው፤ እርሱም ከባድ አይደለም።

ልጣጩን እንውሰድ። ከጓሮ ሁለት ጉድጓድ ወይም በእንጨት የታጠሩ ሁለት ሳጥኖች ይዘጋጁ። አንድ እጅ ልጣጭና ትራፊ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ ሣርና የተቀደደ ወረቀት እየተነባበረ፣ በላዩ ጥቂት አፈር ይጣልበት፤ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ርጥበት ይኑረው፤ በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። ዘይትና ሥጋ አይግባበት፤ አይጥና ሽታ ያመጣልና። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ ባይበዛበት ይሻላል። በሦስትና በአራት ወር ጥቁር፣ አፈር አፈር የሚሸት ኮምፖስት ይሆናል። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ሙቀቱን በእጃቸው ዳስሰው ስለ ረቂቅ ሕዋሳት የሚማሩትን መጽሐፍ ብቻውን አያስተምራቸውም።

ውሃን እንውሰድ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ የቆርቆሮ ጣሪያ ሀብት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ሠላሳ ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ 300 ካሬ ሜትር ነው፤ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 6,000 ሊትር ይሆናል። የሚፈስሰውንና የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ቀንሰን እንኳ፣ 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ በሁለትና በሦስት ዝናብ ይሞላል። 500 ልጆች በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሊትር እጃቸውን ቢታጠቡበት ለሃያ ቀን ይበቃል። የእጅ መታጠቢያውም ውሃ በቦይ ወደ ችግኙ ቢመራ አንዱ ውሃ ሁለት ሥራ ይሠራል። ይህ ስሌት ለአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት የሚሆን መሆኑን መምህራኖቻችን ልብ ይበሉልን።

እዚህ ላይ ሁላችንም የዘነጋነው አንድ ነገር አለ። በሀገራችን ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ጊዜ ነው። ችግኝ የሚተከለው ልጆቹ በሌሉበት፣ በእንግዳ እጅ ነው፤ ችግኝ የሚጠማው ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ልጆቹ ባሉበት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል አይተናል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ የሚነገረው በተከላ ቀን ነው። ጥያቄያችን ግን በጥር ስንት ቆመ የሚል ነው። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመረችው የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው የነበረው ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር። እርሷም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። እኛም በትምህርት ቤት ግቢ አርባ ተክለን ከምንረሳ፣ አምስት ወይራ፣ ዋንዛና ጽድ ተክለን ለእያንዳንዱ የሚያጠጣ ክፍል ብንሰይምለት ይሻላል።

ማገዶንም እንውሰድ። የአዲስ አበባ ታሪክ የማገዶ ታሪክ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ የዙሪያዋ ደን ተመንጥሮ አልቆ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር፣ ከስደት ያዳናትም ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ እናውቃለን። ዛሬም የእንጦጦ እናቶች ጀርባቸው የጎበጠው በዚያው ሸክም ነው። እኛ ባየነው ማብሰያ ቤት የልጆቹ ምሳ የሚበስለው በእንጨት እሳት፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ነው። መጋቢ እናቶቹ ዐይናቸው ቀልቶ፣ እያሳሉ ያበስላሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የማብሰያ ጭስ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ከዕድሜያቸው አስቀድሞ ይገድላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀባት አገር፣ የመዲናይቱ ልጆች ምሳ በሦስት ጉልቻ መብሰሉ እስከ መቼ ነው? ኤሌክትሪኩ እስኪመጣ ድረስ እንኳ ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቆጥብ የተሻሻለ ምድጃና ጭስ መውጫ ማሠራት የማይቻል ነገር አይደለም።

የሚነሡብንን ተቃውሞዎች አናጣቸውም። አንዳንዱ ወላጅ፣ «ልጄን የላክሁት እንዲማር እንጂ እንዲጠርግ አይደለም» ይላል። ስጋቱ እውነት አለበት፤ ልጅን ከትምህርቱ ነጥቆ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ማድረግ በደል ነው። ስለዚህ ሥራው አጭር፣ ለሁሉም እኩል፣ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘና ለልጅ ጤና የማያሰጋ መሆን አለበት፤ ሽንት ቤት ማጽዳትና ስለታም ነገር መልቀም የጓንትና የአዋቂ ሥራ ነው። ሌላው፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ ይቀልዳል። ለዚህ ምላሻችን ቅርብ ነው፤ ሠላሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያቦካነው ለእራት ሳይበቃ፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በጠርሙስ ትራፊ ያጠጣችው ችግኝ ቆሟል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ የመምህራን ነው። «ክፍሉ ተጨናንቋል፤ ደመወዛችን ለቤት ኪራይና ለታክሲ አይበቃም፤ አሁን ደግሞ ኮምፖስት ጨመራችሁብን?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መምህርን ሳያግዙ ሥራ መጫን ሌላ ዘመቻ ማወጅ ነው። ደግሞም ልጆች ፌስታሉን ለብቻ፣ ልጣጩን ለብቻ ለይተው ሲያበቁ መኪናው መጥቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ከዘረገፈው፣ ልጆቹ የተማሩት መለየትን ሳይሆን ትልልቅ ሰዎች እንደሚዋሹ ነው። ስለዚህ ክፍለ ከተማው የተለየውን እንደ ተለየ መውሰድ፣ ለትምህርት ቤቶች ሮቶና ምድጃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በአዲሱ አውራ ጎዳና ዳር ለተተከለው ዘንባባና ሣር የሚበቃ ውሃ ከተገኘ፣ ከአጥሩ ወዲያ ላለው የልጆች እጅ መታጠቢያ ውሃ አይጠፋም ብለን እናምናለን።

ክፍለ ከተማውን ከወቀስን ዘንድ ወደ ራሳችን ካልተመለስን፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው በእኛ ይደርሳል። በእኛው ካፌ በየምሳው የሚደፋው እንጀራ ምን ያህል ነው? ትሪውን ሳይጨርስ ገፍቶ የሚነሣ ማን ነው? በማኅበራችን ስብሰባ ማግስት አዳራሹን የሞላው ሃይላንድ የማን ነው? ተማርን የምንል ሰዎች ራሳችን የማናደርገውን ለሰባት ዓመት ልጅ ለመስበክ መሄዳችን፣ ልጁ እንዲታዘበን ካልሆነ በቀር ምን ይፈይዳል?

ቀደምቶቻችንን እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀምሮ፣ ተማሪዎች አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። በዚያ አገልግሎት ላይ በጊዜው ብዙ ክርክር ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትምህርት ትቶልን አልፏል። ዓመቱን ሙሉ አብሮ የኖረ ሰው የሚያየውን የአንድ ቀን እንግዳ አያየውም። አንድ ዓመት የኖረ መምህር የጉድጓዱን ውሃ መቼ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ልጅ ሳይበላ እንደሚመጣ ያውቃል። እኛ ግን ቅዳሜ ጧት ሄደን ቅዳሜ ከሰዓት ተመለስን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የአጠጪዎች ተራ ሳይዘጋጅ ችግኝ አንትከል፤ የሪፖርታችንም ቁጥር በሐምሌ የተተከለው ሳይሆን በጥር የቆመው ይሁን። ሁለተኛ፣ ያን የቂርቆስ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ በተራ ሁለት ሁለት እየሆንን ከመስከረም እስከ ሰኔ እንመላለስበት፤ የግብርና፣ የምሕንድስናና የጤና ተማሪዎች ለኮምፖስቱ፣ ለሮቶውና ለምድጃው ሙያቸውን ይስጡ፤ የመምህሩን ሸክም እንድናቀል እንጂ እንዳንጨምርበት። ሦስተኛ፣ በማኅበሩ ስም በሚደረግ ማናቸውም ስብሰባ ፌስታልና ሃይላንድ አይግባ፤ ሁሉም ኮዳውን ይያዝ። አራተኛ፣ የካፌያችን ትራፊ እየተመዘነ በየሳምንቱ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ፤ እስክናፍር ድረስ።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው የሚል ይኖራል። አዎን፣ ትንንሽ ናቸው። የዓለም ሙቀት በአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ አይመለስም፤ የበለጸጉት አገሮች ጭስም በእኛ ኮምፖስት አይታጠብም። እኛ የምንናገረው በክረምት ጎርፍ በጋ ጥማት ስለሚያገኘው፣ ዛሬ ቂርቆስ ነገ ገላን ጉራ ስለሚሆነው ልጅ ነው። እርሱ በትምህርት ቤቱ ያገኘው ነገር የተሰቀለ መፈክር ብቻ ከሆነ ምንም ይዞ አልሄደም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ልማድም እንደዚሁ ነው።

በጥር ከዚያ ግቢ ስንወጣ ያችን የአራተኛ ክፍል ልጅ አገኘናትና ለምን ውሃዋን ለችግኙ እንደምታፈስ ጠየቅናት። «አንዱ እኮ የእኔ ነው» አለችን። ማን እንደሰጣት ብንጠይቃት፣ ማንም። በአጠገቡ ስታልፍ ደርቆ አይታው ራሷ ወሰደችው። በዚያው ሳምንት ቤተሰቧ ሊዛወር መሆኑን መጋቢዋ እናት ነግረውን ነበርና፣ ከሄድሽ በኋላ ማን ያጠጣዋል ብለን ለመጠየቅ አፋችንን ከፍተን ዝም አልን። ያ ጥያቄ የእርሷ አይደለም፤ የእኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተረኞች በሚመጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። ስም መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል።